ከመስታወቱ በፊት ሮለሩን ጠይቁ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ መስኮት ሲያወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ስለ ቀለም ነው። አሉሚኒየሙ ነጭ ይሁን ቡናማ፣ መስታወቱ ሰማያዊ ይሁን የሚያንጸባርቅ። ታች ሆኖ ያን ሁሉ ክብደት ስለሚሸከመው ሮለር የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚያስቸግረው ደግሞ እሱ ነው። መስታወት ካልተሰበረ በቀር ዕድሜ ልክ ይኖራል። የሚያረጀው ሮለሩ፣ ማጠፊያው፣ ፒቮቱ፣ ቁልፉና ብሎኑ ነው።

እኔና እናቴ ጣና ዳር አነስ ያለ ፔንሲዮን እናስተዳድራለን። ቤቱን የገዛነው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ በሩም መስኮቱም ከነችግሩ ነው የደረሰን። የአልጋ ክፍሎቹ መስኮቶች በሙሉ ተንሸራታች ናቸው፤ ሰው ስላይዲንግ የሚላቸው። የመታጠቢያ ክፍሎቹና የደረጃው መስኮቶች ደግሞ መሐላቸው ላይ የሚዞሩ፣ ፒቮት የሚባሉት ናቸው። የእንግዳ መቀበያው በር ወለል ውስጥ በተቀበረ ማሽን ላይ የሚዞር ወፍራም መስታወት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አለን ማለት ነው። እነሱን ስናስጠግን የተማርኩትን ልጻፈው ብዬ ነው። ቤት እየሠራ ላለም፣ የተሠራ ቤት ላለውም ይጠቅማል።

መጀመሪያ የጀመረው በድምፅ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያየው ክፍል መስኮት ሲከፈት ይጮህ ነበር። ቀጥሎ ከበደ። እንግዶች በሁለት እጅ ይገፉት ጀመር። አንድ ሠራተኛ መጣና ሐዲዱን ግራሶ ቀብቶ ሄደ። ለጊዜው ለሰለሰ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ። ያኔ ሰው ጠይቀን በአሉሚኒየም ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ ባለሙያ አስመጣን።

«ጋሼ፣ ግራሶ ተቀብቶ ነበር እኮ። ለምን ባሰው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። ቆይ ላሳይሽ» አሉኝ።

ተንቀሳቃሹን ክንፍ፣ መስታወቱን ይዞ የሚንሸራተተውን ፍሬም ማለት ነው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ገፉት። ታችኛው ጠርዝ ከሐዲዱ ሲለቅ ወደ ውስጥ ሳቡትና ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። በታችኛው ጠርዝ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ ነጭ የፕላስቲክ መንኮራኩር ተሰክታለች። ሮለር የሚባለው ይኸው ነው። የአንዱ ሮለር መንኮራኩር አንድ ጎኗ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። መዞር አቁማ ስትጎተት ኖራለች። ዙሪያዋን ግራሶ፣ አቧራና የሞተ ትንኝ ተለውሶ እንደ ሬንጅ ጠንክሮባታል። ጋሼ በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቀው አወጡትና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ጣቴን ይዘው ሐዲዱ ላይ አስኬዱት። የማትዞረው መንኮራኩር ስትፍቀው የኖረችበት ቦታ ሸካራ ሆኗል፤ ጠርዙም ተበልቷል።

ያን ቀን ካስተማሩኝ ሁሉ ትልቁ ስሌቱ ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረቱ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊ ከሆነ በካሬ 10 ኪሎ፣ ባለ 5 ሚሊ 12.5 ኪሎ፣ ባለ 6 ሚሊ 15 ኪሎ ማለት ነው። የእኛ መስኮት አንዱ ክንፍ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.40 ሜትር ነው። በባለ 5 ሚሊ መስታወት ሲባዛ 16 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የአሉሚኒየሙን ፍሬም ስትጨምሩበት ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ትንንሽ ሮለሮች ላይ ነው።

የበረንዳ በር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። 1.20 በ2.20 ሜትር የሆነ ክንፍ በባለ 6 ሚሊ መስታወት፣ ከነፍሬሙ ሳይሆን መስታወቱ ብቻውን፣ ወደ 40 ኪሎ ነው። እኛ ቤት የነበረው ግን በመስኮቱም በበረንዳው በርም ላይ የተገጠመው ያው ነጠላ የፕላስቲክ ሮለር ነው። መስኮቱን ይችል ይሆናል። በሩን አይችልም። ለበር የሚሆነው ባለ ሁለት መንኮራኩር ሮለር ነው፤ ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ቤት ውስጥ ተከታትለው የተገጠሙበት፣ ውስጡ ኩሽኔታ ያለው። መንኮራኩሩ ጠንካራ ናይለን ወይም ስቴንለስ ቢሆን ይመረጣል። ስቴንለሱ ክብደት ይችላል፤ አሉሚኒየም ሐዲድ ላይ በቀጥታ ሲሄድ ግን ሐዲዱን ይበላል። ስለዚህ እሱ ከተመረጠ ሐዲዱም የስቴንለስ ልባስ ይኑረው። ናይለኑ ድምፅ የለውም፤ ለሐዲዱም ይመቸዋል። ለአልጋ ክፍል እኔ ናይለኑን እመርጣለሁ።

ሮለር ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። «የስላይዲንግ ሮለር ስጡኝ» ቢባል የሚሰጠው ብዙ ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮፋይል፣ ፍሬሙ የሚሠራበት የአሉሚኒየም ዓይነት ማለት ነው፣ የራሱ ልክ አለው። መታየት ያለበት የሮለሩ ቤት ስፋት፣ ከፍታውና የመንኮራኩሩ ጉድጓድ ቅርፅ ነው። ጀርባው ክብ የሆነ ሐዲድ ላይ ጉድጓድ የሌለው ጠፍጣፋ መንኮራኩር ከገባ ይንሸራተትና ከሐዲዱ ይወጣል። አሮጌው ተሰባብሮ ቅርፁ ከጠፋ ከሌላኛው ክንፍ አንዱን አውጥታችሁ ውሰዱ። ሁለቱንም ሮለር ባንዴ ቀይሩ። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከሆነ ክንፉ ያዘነብላል።

ማዘንበሉን የምታስተካክል ትንሽ ብሎን እንዳለች ብዙ ሰው አያውቅም። በክንፉ ታችኛ ጠርዝ በጎን በኩል ቀዳዳ አለች፤ አንዳንዴ በፕላስቲክ ክዳን ትሸፈናለች። ውስጧ ያለችው ብሎን ሮለሩን ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋለች። የእናቴ ክፍል መስኮት ሲዘጋ ከላይ ይገጥማል፣ ከታች ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው ነበር። ቁልፉም አይደርስም። «ቁልፉ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ተብሎ ነበር። ጋሼ ያችን ብሎን ትንሽ አዞሯት፤ ክንፉ ተስተካክሎ ቁልፉ ገጠመ። እማዬ ቆማ ስታይ «ለዚህች ነው ቁልፍ ግዙ ያሉን?» አለች። ስለዚህ መስኮት ካልቆለፈ ቁልፉን ከመቀየራችሁ በፊት ክንፉ ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። ውሃ ልክ ካላችሁ አስቀምጡበት፤ ከሌላችሁ በክንፉና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን በዓይን ማየት ይበቃል።

ስለ ሐዲድ ጽዳት የሐይቅ ዳር ሰው ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። በበጋ የኮብልስቶኑ አቧራ አለ። ማታ ማታ መብራት ሲበራ ትንኙ ከሐይቁ ይመጣል፤ መስታወቱ ላይ ያርፍና ጠዋት ሐዲዱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። በበዓል ሰሞን ደግሞ ቄጤማው አለ። ሳሎን የተጎዘጎዘው ቄጤማ በእግር እየተጎተተ የበረንዳው በር ሐዲድ ውስጥ ይገባና ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል። እኛ አሁን በበዓል ማግስት በሩ ከመከፈቱ በፊት ሐዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንጠርጋለን። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ ነው። ቅባት የግድ ካስፈለገ ሲሊኮን ስፕሬይ ትንሽ ተነፍቶ በጨርቅ ይወለወላል፤ ሲደርቅ አቧራ አይዝም። ግራሶና የሞተር ዘይት ግን ሐዲድ አጠገብ አይድረሱ። የቁልፍ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው። ዘይት ሲገባበት ውስጡ ይጨቀያል። የእርሳስ ሹል ተፍቆ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት፣ ግራፋይት ማለት ነው፣ ቁልፉ ላይ ተቀብቶ ቢገባና ቢወጣ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ያውቀዋል። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ዝናቡ በጎን ነው የሚመታው። በዚያ ሰሞን ወደ ሐይቁ ካሉት ክፍሎች ውሃ በሐዲዱ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈስ ነበር። መስኮቱ ስር ያለው ግድግዳ አብጦ ቀለሙ ይላጣል። የአልጋ ልብስ የረጠበበት ሌሊትም አለ። የሚሰጠን ምክር አንድ ነበር፦ «ሲሊኮን ይጨመርበት።» ተጨመረ። ባሰ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተንሸራታች መስኮት ውሃ ጨርሶ እንዳያስገባ ተደርጎ አይሠራም። ክንፉ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ዙሪያውን አጥብቆ መድፈን አይቻልም፤ የሚከላከለው በጠርዙ ጎድጎድ ውስጥ የተሰካው ባለ ፀጉር ብሩሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲታሰብም ውሃው ሐዲዱ ውስጥ እንዲገባና ተመልሶ ወደ ውጭ እንዲወጣ ነው የታሰበው። ለዚህ ሲባል የታችኛው ፍሬም የውስጥ ጠርዝ ከውጪው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ በውጭ በኩል ደግሞ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። የእኛ ቤት ቀዳዳዎች መጀመሪያ ልስን ሲለሰን በሲሚንቶ ተደፍነዋል። የቀሩትን ደግሞ ያ ሲሊኮን ደፈናቸው። ውሃው መውጫ ሲያጣ በውስጥ በኩል ሞልቶ ፈሰሰ። ጋሼ ሲሊኮኑን በምላጭ ላጡት፤ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ትራፓኖ ከፈቱ። ከዚያ በጆግ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፈሰሱና «ውጭ ሂጂና እዪ» አሉኝ። ወጥቼ ሳይ ውሃው በቀዳዳዎቹ ኩልል እያለ ይወርዳል።

ይህን ሙከራ ማንም ሰው ራሱ ማድረግ ይችላል። አዲስ መስኮት ከተገጠመላችሁ ገንዘቡን ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፍስሱ። በውጭ በኩል ካልወጣ ሥራው አላለቀም። የመስኮቱ የውጭ ደፍም ወደ ውጭ ያዘነብል። ወደ ውስጥ ካዘነበለ ወይም ለጥ ካለ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም ውሃው ተመልሶ ይመጣል። ብሩሹንም እዩት። ፀጉሩ ተጋድሞ ከተኛ ወይም ከተበጣጠሰ በሜትር የሚሸጥ ነው፤ አሮጌው ከጎድጎዱ ይሳብና አዲሱ ይሰካል። ያረጀ ብሩሽ ዝናብ ብቻ አይደለም የሚያስገባው፤ ቢምቢም በዚያው ይገባል።

ወባ ባለበት አገር ስለምንኖር የመስኮት ምርጫ ላይ ለእኔ ወሳኙ ነገር የትንኝ ወንፊቱ ነው። ተንሸራታች መስኮት እዚህ ላይ ይበልጣል። ሦስት ሐዲድ ያለው ፍሬም ሲታዘዝ ሁለቱ ለመስታወቱ፣ አንዱ ለወንፊቱ ይሆናሉ። መስታወቱ ተከፍቶ ወንፊቱ ተዘግቶ ያድራል። ሁለት ሐዲድ ብቻ ካለው በኋላ ወንፊት መጨመር ከባድ ነው፤ እኛ የተለየ ፍሬም በውስጥ በኩል አሠርተን ነው ያስገባነው። ከመጀመሪያው ቢታዘዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ አይመጣም ነበር። ጉዳቱ ደግሞ መደበቅ የለበትም፤ ተንሸራታች መስኮት የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ይህ ይታወቃል። ስለዚህ ክፍሉ በሁለት በኩል መስኮት እንዲኖረው፣ ወይም ከበሩ በላይ አየር ማስገቢያ እንዲኖረው ማሰብ ያስፈልጋል።

ሌባንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጋሼ ክንፉን ወደ ላይ ገፍተው ሲያወጡት ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። እሳቸው ከውስጥ ያደረጉትን ሰው ከውጭ ማድረግ ይችላል። ይህን የሚከላከል ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ አለ። ክንፉ ከተገጠመ በኋላ በላይኛው ሐዲድ ውስጥ፣ ከክንፉ ራስ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ይታሰራል። እሱ ካለ ክንፉ ወደ ላይ አይነሳም። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ይህ ቁራጭ አልተገጠመም። ምድር ቤት ያላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት፦ መስኮቱን ቆልፋችሁ ክንፉን ወደ ላይ ግፉት። ከፍ ካለ ቁልፉ ብቻውን አያድናችሁም።

ወደ ፒቮቱ እንሂድ። አንዳንድ ሰው ፒቮት ሲባል አዲስ የውጭ ነገር ይመስለዋል። የድሮ የገጠር በር እኮ ማጠፊያ አልነበረውም። ከሳንቃው ጋር አብሮ የተጠረበ ጉጥ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ይወጣል፤ የታችኛው መድረኩ ላይ በተቦረቦረ ጉድጓድ፣ የላይኛው ጉበኑ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ይዞራል። የሥራው ሐሳብ ዛሬ መስታወት በር ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ነው፤ የላይኛው እንዳይወድቅ ብቻ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ከባድ በር በጎን ማጠፊያ ሲታሰር ከጊዜ በኋላ የሚወርደው፣ በፒቮት ሲቆም ግን የማይወርደው። በጎን ማጠፊያ ላይ የላይኛው ብሎን ሁልጊዜ እየተሳበ ነው። በፒቮት ላይ ግን ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል።

መሐሉ ላይ የሚዞረው መስኮት ለመታጠቢያ ቤትና ለደረጃ ጥሩ ነው። ግራና ቀኝ ጎኑ መሐል ላይ ሁለት ፒቮቶች አሉት። ሲከፈት የላይኛው ግማሽ ወደ ውስጥ፣ የታችኛው ግማሽ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። እንዲህ ሲሆን ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ ውጭ ይወድቃል። በተቃራኒው የተገጠመም አይቻለሁ፤ ያ መስኮት ውሃውን እየተቀበለ ቤት ውስጥ ያፈሳል። ፎቅ ላይ ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው፤ ክንፉ ስለሚገለበጥ የውጪው ገጽ ከውስጥ ሆኖ ይታጠባል፤ መሰላል አያስፈልግም። ልጅ ባለበት ቤት ግን መገደቢያ ይታሰርበት፤ ክፍተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚይዝ። ለማጠብ ሲፈለግ በአዋቂ እጅ ይፈታል።

የዚህ መስኮት ድክመት ሁለት ነው። አንደኛው ወንፊቱ ነው፤ ክንፉ በሁለቱም በኩል ስለሚወጣ ወንፊት የሚቆምበት ቦታ የለም። ሁለተኛው በክንፉና በፍሬሙ መካከል ያለው ማሸጊያ ጎማ ነው። ከፒቮቱ በላይ ጎማው በአንድ በኩል፣ ከፒቮቱ በታች በሌላው በኩል ስለሚሆን መሐል ላይ ይቋረጣል። ውሃም ነፋስም የሚገባው በዚያች መቋረጫ ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቁ በሚያየው ግድግዳ ላይ እኔ አላስገጥመውም። መስኮቱ ተከፍቶ አልቆም ካለ፣ ራሱ እየተዘጋ ካስቸገረ ደግሞ ፒቮቱ ውስጥ ያለው ማጥበቂያ ላልቶ ነው። ብዙዎቹ በብሎን ይጠብቃሉ። በሁለቱም ጎን እኩል መጥበቅ አለበት። ይህን ቦታ ዘይት መቀባት አይገባም፤ መስኮቱን በተከፈተበት የሚያቆመው ሰበቃው ነው።

የእንግዳ መቀበያው በር ታሪክ ረዘም ይላል። ባለ 10 ሚሊ ቴምፐርድ፣ በሙቀት የተጠናከረ ማለት ነው፣ መስታወት ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2.20 ሜትር ስለሆነ በካሬ 25 ኪሎ ሲታሰብ 55 ኪሎ ነው። ወለሉ ውስጥ ፍሎር ስፕሪንግ ተቀብሯል፤ ውስጡ ስፕሪንግና ዘይት ያለበት የብረት ሣጥን ነው፤ በሩን ራሱ ይመልሰዋል። በእኛ ጊዜ በሩ መጀመሪያ ቀስ ብሎ መመለስ ተወ፤ ከዚያ በኃይል ይመታ ጀመር። አንድ ሕፃን እጁ ሊቀር ለጥቂት ተረፈ። በሩን በገመድ አስረን ክፍት አዋልነው፤ እስኪጠገን ድረስ አልፈታነውም።

ክዳኑ ሲከፈት ሣጥኑ ውስጥ ውሃ ቆሟል። ብረቱ ዝጓል፤ ዘይቱም ፈሷል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። መቀበያው በየቀኑ ጠዋት ውሃ እየተደፋ ነው የሚታጠበው። ውሃው በክዳኑ ዳር ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። አዲሱ ሲገጠም ጋሼ በማሽኑና በሲሚንቶው ሣጥን መካከል ያለውን ክፍተት ውሃ በማያስገባ መሙያ ደፈኑት። የክዳኑንም ዙሪያ በሲሊኮን አሸጉት። እኛም በበሩ አካባቢ ውሃ መድፋት አቁመን ጨርቅ ጨምቀን መወልወል ጀመርን።

አዲሱን ስንመርጥ የረዳን የአውሮፓው ደረጃ ነው፤ ኢኤን 1154 ይባላል። በር መላሾችን በቁጥር ይከፍላቸዋል። ቁጥር 3 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ወርድና እስከ 60 ኪሎ ክብደት ላለው በር ነው። ቁጥር 4 እስከ 1.10 ሜትርና እስከ 80 ኪሎ ነው። ቁጥር 5 እስከ 1.25 ሜትርና እስከ 100 ኪሎ ነው። የእኛ በር በክብደቱ ቁጥር 3ን ያሟላል፤ በወርዱ ግን ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን የሚወሰደው ከፍ ያለው ነው፤ ስለዚህ ቁጥር 4 ገዛን። የድሮው ላይ የተጻፈው 3 ነበር። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ቢላችሁ ማሽኑ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፈልጉ።

ፍሎር ስፕሪንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች አሉ። አንዱ በሩ ከተከፈተበት እስከ መጨረሻው አካባቢ የሚመለስበትን ፍጥነት፣ ሌላው የመጨረሻዋን ጥቂት ዲግሪ የሚዘጋበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። እያንዳንዱ በጥቂቱ፣ ሩብ ዙር ያህል፣ እየዞረ በሩ ይሞከራል። ብሎኑን ፈትቶ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። ዘይቱ ከወጣ ማሽኑ አለቀለት ማለት ነው። ማሽኑ ዙሪያ ዘይት ካያችሁም ማስተካከያ አይረዳውም፤ መቀየር ነው።

ሲገጠም ደግሞ አንድ ነገር ቆማችሁ እዩ፤ ቱምቢው ሲወርድ። የላይኛው ፒቮት መሐልና የታችኛው ማሽን መሐል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ጥቂት ሚሊ ከተዛነፈ በሩ ወይ ራሱ ይከፈታል፣ ወይ ወለሉን ይነካል፣ ወይ ማሽኑን በጎን እየገፋ ይጨርሰዋል። ጋሼ ቱምቢውን አውርደው ዝም ብሎ እስኪቆም ድረስ አጠገቡ ሰው እንዲያልፍ እንኳ አልፈቀዱም። ቴምፐርድ መስታወት ከተጋገረ በኋላ እንደማይቆረጥና እንደማይበሳም እወቁ። የእጀታው፣ የቁልፉና የፒቮቱ ቀዳዳ ሁሉ አስቀድሞ በልኩ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሃርድዌሩ ተገዝቶ በእጅ ከገባ በኋላ ነው መስታወቱ መታዘዝ ያለበት። ብዙ ቦታ የሚደረገው ተገላቢጦሹ ነው።

ከላይ ተንጠልጥሎ የሚንሸራተት የእንጨት በር ለሚያስቡም አንድ ነገር ልበል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቦታ ስለሚቆጥብ እኛም ለአንድ መታጠቢያ ቤት ከዋንዛ አሠርተናል። ሙሉ ክብደቱ ላይኛው ሐዲድ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በተራ ፊሸር የታሰረ ሐዲድ ከጊዜ በኋላ ይነቀላል። ከበሩ በላይ ባለው ኮንክሪት ሊንቴል ላይ መታሰር አለበት። ታች ደግሞ በሩ እንዳይወዛወዝ መሪ ያስፈልገዋል። እንጨቱ በክረምት ስለሚያብጥ ክፍተት ተትቶለት መሠራት አለበት።

ብሎንና ሲሚንቶን ሳልጠቅስ ብተው ደስ አይለኝም። አሉሚኒየም ላይ ተራ የብረት ብሎን ሲታሰር እርጥበት ባለበት ቦታ ሁለቱ ብረቶች ይበላላሉ፤ ብሎኑ ይዝጋል፣ ዙሪያው ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ከዚያ ይላላል። ስቴንለስ ብሎን ይጠየቅ። የዋጋ ልዩነቱ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ከቁጥር አይገባም። እርጥብ ሲሚንቶም የአሉሚኒየሙን ገጽ ይበላል። ልስን እስኪያልቅ ድረስ መሸፈኛው ፕላስቲክ አይነሳ፤ ከነካውም ሳይደርቅ በውሃ ይታጠብ።

ከአሉሚኒየም ቤት ጋር ውል ስትፈጽሙ ውሉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ካሬ ሜትሩ፣ ቀለሙና የመስታወቱ ውፍረት ነው። ሮለሩም ይጻፍ፦ ነጠላ ወይስ ባለ ሁለት መንኮራኩር፣ ናይለን ወይስ ስቴንለስ። የሐዲዱ ቁጥር ይጻፍ፤ የወንፊቱ ሐዲድ ይካተት። ክንፉ እንዳይነሳ የሚያደርገው ማገጃ ይጻፍ። የፍሎር ስፕሪንጉ ቁጥር ይጻፍ። ናሙናውን አይታችሁ አንዱን እናንተ ዘንድ አስቀሩ። እኔ የእያንዳንዱን መስኮት ሮለር አንድ ጥንድ መለዋወጫ ገዝቼ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ጽፌበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ፕሮፋይሉ ከገበያ ሲጠፋ ሮለሩም አብሮ ይጠፋልና።

ጥገና ካላችሁ ደግሞ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አስጀምሩት። ሰኔ ከገባ ባለሙያው ሁሉ ውሃ የገባበት ቤት እየዞረ ስለሚውል ማግኘቱ ይከብዳል፤ ሲሊኮንም እርጥብ ግድግዳ ላይ አይዝም። እኛ አሁን ግንቦት ላይ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረን ጆጉን ይዘን ሐዲዱ ላይ ውሃ እናፈሳለን። የማያወጣውን መስኮት እማዬ ወረቀት ላይ ትመዘግባለች፤ ጋሼም ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ነው።